እትዬ መዝገብ ዝምድና ስትቆጥር

መጀመሪያ የማስረዳችሁ አቆጣጠሩን ነው። እሱ ካልገባችሁ ይህች ሴት ለምን እንደምታስደንቀኝ አይገባችሁም፤ ከገባችሁ ግን የቀረው ታሪክ ራሱን ችሎ ይሄዳል። ደግሞ ቀላል ነው።

የሁለት ሰዎች ዝምድና ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ማወቅ ፈለጋችሁ እንበል። ከአንደኛው ተነሥታችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ፤ ወደ እናቱ ወይም አባቱ፣ ከዚያ ወደ አያቱ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው ጋ እስክትደርሱ ድረስ። ከዚያ በሌላው በኩል ትወርዳላችሁ። በመንገዳችሁ ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ትቆጥራላችሁ፤ የማይቆጠረው እላይ ያለው አገናኝ ብቻ ነው። የወንድማማች ልጆችን ውሰዱ። አንዱ ልጅ፣ አባቱ፣ የሌላው አባት፣ ሌላው ልጅ፤ አራት። አያትየው አይቆጠሩም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በጎን የሚዛመዱ ሰዎች እንዳይጋቡ የሚከለክለው እስከ አራት ድረስ ነው። አራት የሆኑትም ቢሆኑ ጳጳሱ ልዩ ፈቃድ ከሰጡ ይጋባሉ። ከአራት በላይ ያሉት ግን ማንንም ፈቃድ መጠየቅ የለባቸውም።

ይህን ያስተማረችኝ እትዬ መዝገብ ናት። ያስተማረችኝም በቆርኪ ነው።

እውነተኛ ስሟን የሚጠራት ሰው አላጋጠመኝም። የቁምስናችን፣ ማለትም የሰበካችን፣ ጽሕፈት ቤት ራሱ እሷ ናት። ከመቅደሱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ታችኛው መሳቢያው በርግጫ ካልሆነ የማይከፈት የብረት ቁም ሣጥን። በቁም ሣጥኑ ውስጥ የተጠመቀው፣ የተዳረው፣ የሞተው ሁሉ በየዓመቱ ተጽፎ ተደርድሯል። እኔ በቁምስናው ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ፤ በእረፍት ወራት ያረጁትን መዝገቦች ወደ አዲስ ስገለብጥ ነው በደንብ ያወቅኋት። ሴቶቹ ሲቀልዱ፣ «ዕድሜሽን መዋሸት ካማረሽ እትዬ መዝገብ ሳትሰማ ዋሺ» ይባባላሉ። እሷ ሰምታ አታጋልጥም። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታይሻለች፣ በቃ።

ለጋብቻ የሚመጡ እጮኞች ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን የምታጣራው እሷ ናት። ከመሳቢያው የቆርኪ ጣሳዋን ታወጣለች። ቆርኪዎቹ የታጠቡ ናቸው፤ ቀዩ ለሴት፣ ቢጫው ለወንድ። ለአገናኙ ትልቅ የማርመላታ ክዳን አላት። ክዳኑን ከላይ ታስቀምጥና ቆርኪዎቹን በሁለት መስመር ወደ ታች እየደረደረች፣ እጮኞቹን እንደ ልጅ እየጠየቀች ትሄዳለች። «እናትሽ ይችውልሽ። የእናትሽ እናትስ? ወንድም ነበራት? አትቸኩይ፤ ካላወቅሽ አላውቅም በይ፣ ቤት ሄደሽ ትጠይቂያለሽ።» አንድም ቀን በግምት ስትሞላ አላየሁም። አንድ አያት ጠፍቶባት አራት መዝገብ ስታገላብጥ፣ ሲገኝ ደግሞ እንደ ጠፋ በግ ስታቅፈው አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ ቤቷ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የተጠማዘዘው እዚያ ላይ ነውና።

እትዬ መዝገብ የምትኖረው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው የቁምስናው ቤት፣ ከአባ ጋር ነበር። አባ የኛ ካህን ናቸው። የካቶሊክ ካህን ሳያገባ ለመኖር ቃል ይገባል። ይህ ለእኛ የታወቀ ነገር ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ግን ከእኛ የሚበዙት የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ናቸው፣ የነሱ ቄሶች ደግሞ ከመቀሰሳቸው በፊት አግብተው፣ ልጆች ወልደው የሚኖሩ ናቸው። ስለዚህ ሚስት የሌለው ካህን ሁልጊዜ መነጋገሪያ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አንድ ቀን አባን ወንበር ላይ እንዳስቀመጣቸው፣ «አባ፣ ሚስት ከሌለዎት ማነው የሚቆጣዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። አባም፣ «ምሳ ሰዓት ቤት ብቅ በል፣ ታያታለህ» አሉት።

እትዬ መዝገብ የአባ ዘመድ ናት። የእሷ ሴት አያትና የአባ ወንድ አያት እህትና ወንድም ነበሩ፤ ሁለቱ ልጆች ያደጉትም አንድ ግቢ ውስጥ ነው። አባ ወደዚህ ቁምስና ሲመደቡ ቤታቸውን ልትይዝ አብራ መጣች፤ ይሄው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ማንም ክፉ ተናግሮ አያውቅም። ለምን? በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዘመድ እህት ነዋ። ሰው ከአክስቱ ልጅ ጋር ሲሄድ «እህቴ ናት» ብሎ ያስተዋውቃል፤ «የአክስቴ ልጅ» የምትባለው ሲኮራረፉ ብቻ ነው። አያቶቻቸው እህትና ወንድም የሆኑም ከዚያው ይቆጠራሉ። አዲስ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመጣ «አባ ጋ ያለችው ሴትዮ ማናት?» ይላል፤ «እህታቸው ናት» ይባላል፤ ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል። ልብ በሉልኝ፣ ያቺ አንዲት ቃል ናት ቤቱን ያቆመችው።

አሁን እጮኞቹ ይምጡ። ወንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሴቲቱ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የተዋወቁት የመድኃኒት ቤቱ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ሊጠግን ሲመጣ ነው። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ በአምስት ቀን ጨረሰው፤ የቀረውን ገምቱት። ዘመድ መሆናቸውን ያወቁት ቤተሰብ ለቤተሰብ ሲተዋወቅ ነው። የእሷ ሴት አያትና የእሱ ወንድ አያት እህትና ወንድም ሆነው ተገኙ። እትዬ መዝገብ ቆርኪዎቿን ደረደረች። ሴቲቱ፣ እናቷ፣ አያቷ፤ በወዲያ በኩል የእሱ አያት፣ አባቱ፣ እሱ። ስድስት። «እንቅፋት የለም» ብላ ጻፈች፤ ስማቸውም፣ እንቅፋት የሚያውቅ ካለ እንዲናገር፣ በቅዳሴ ላይ በሁለት ተከታታይ እሑዶች ተነበበ።

በሁለተኛው እሑድ የልጅቷ አጎት ብድግ አሉ። አናጢ ናቸው፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም። በወጣትነታቸው የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ስለነበሩ ከምእመናኑ መሐል የሕጉን መጽሐፍ ከፍቼ አውቃለሁ የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እንቅፋት አለ!» አሉ፣ ድምፃቸው እስከ በሩ እየተሰማ። «ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው። የወንድሜን ልጅ ለእህቴ ልጅ? ሕጉም አራት ይላል፤ እነዚህ ሦስት ናቸው። ሦስት ከአራት ያንሳል! አስተማሪው እዚያ ተቀምጧል፣ ይመስክር!»

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ሦስት ከአራት እንደሚያንስ መካድ አልቻልኩም።

የአናጢው ስሕተት ግን እንዴት ያለ ውብ ስሕተት መሰላችሁ! እንዲህ ያለውን የሚሳሳት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ወጣት ሳሉ ይሠራ የነበረው የድሮው ሕግ ይቆጥር የነበረው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ በዚያ አቆጣጠር እጮኞቹ በእርግጥ ሦስት ናቸው፣ የድሮው ክልከላም እስከ ሦስት ነበር። ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ ግን ሁለቱም ወገን ይቆጠራል፣ ክልከላውም እስከ አራት ሆነ። አናጢው ቁጥሩን ከድሮው መጽሐፍ፣ ገደቡን ከአዲሱ ወስደው አጋቧቸው። የማይጋቡትማ እነሱ ነበሩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን የልጅቷ እናት «ወንድሜ ያልቆመበት ሰርግ ላይ አልቆምም» አለች። ልጅቷም እናቷ ያልቆመችበት ሰርግ አልፈልግም ብላ አለቀሰች። ልጁ የመድኃኒት ቤቱን ማቀዝቀዣ እንደገና ሊፈትሽ መሄድ አቆመ። አባ ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ቤተሰብ፣ የቁምስናውን ሽማግሌዎችና የፈለገውን ሁሉ አዳራሽ ጠሩ።

ማክሰኞ ጽሕፈት ቤት ስገባ እትዬ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ድርድር ቆርኪ ዘርግታ አገኘኋት። ቁጥሩ አንድ፣ አቀማመጡ አንድ።

«ይሄኛው የልጆቹ ነው፣» አልኳት። «ይሄስ?»

«ቁጠረው።»

«ስድስት።»

«የእኔና የአባ ነው።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። «አየህ አይደል? ቅዳሜ እነዚህ ልጆች ወንድምና እህት አይደሉም ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አስተምራለሁ። እንቢ ቢሉ ደግሜ አስተምራለሁ። ከገባቸው በኋላ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ምን ያስባሉ?»

ገባኝ። ለልጆቹ የምትከፍተው በር የራሷን ቤት በር የሚዘጋ ነበር። ስድስት የሆኑ ሰዎች መጋባት ከቻሉ፣ ሚስት ከሌለው ካህን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችው ሴት ከእንግዲህ እህት አይደለችም። ሊያገባት ይችል የነበረች ሴት ናት።

ምሳ ጋበዘችኝና ወደ ቤት ገባን። አባ ወጥ ቤት ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ። በአደባባይ እንደማንኛችንም «አባ፣ እርስዎ» ትላቸዋለች፤ ወጥ ቤት ስትገባ ግን «አንተ» ነው።

«እጅህን ታጠብክ?»

«ታጥቤያለሁ።»

«አሳየኝ።»

አሳዩአት። ሾርባውን እየቀዳች ነገሩን እንደ ዝምድና ቆጠራ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። አባ እስክትጨርስ ሰሟት፤ ሾርባው ቀዘቀዘ።

«ሌላ መንገድ አለ፣» አሉ በመጨረሻ። «ለጳጳሱ እጽፋለሁ፤ ልዩ ፈቃድ ይላክልኝ እላለሁ። አናጢው ማኅተም ካዩ ዝም ይላሉ። አንቺም ምንም መቁጠር የለብሽም።»

«የማያስፈልግ ፈቃድ?»

«ምን ይጎዳል?»

«ፈቃድ ከጠየቅን ያስፈልግ ነበር ማለታችን ነው። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጡትንም በዚያው ልናስለምን ነው። ደግሞስ እኔ መዝገቡ ላይ ‹እንቅፋት የለም› ብዬ ጽፌያለሁ። ትክክል ጽፌያለሁ። ምኑን ልሰርዘው?»

«እሺ፣ ቁጠሪ። ቆጥረሽም እዚሁ ኑሪ።» አባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ሳላገባ ለመኖር ቃል የገባሁት ማግባት ስለምችል ነው። የማልችለውን ብተው ምን ተውኩ ይባላል? አንቺ እህቴ ሆነሽ ቢሆን ኖሮ ባንቺ በኩል ምንም አልተውኩም ነበር። ስድስት ከሆንን ስድስት ነን። ቃሌን የሚጠብቀው ዝምድናሽ አይደለም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአባ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ካህን አለማግባት ሲጠየቁ ሁልጊዜ ቀልደው ነበር የሚያልፉት።

«አንተን አውቅሃለሁ፣» አለች። «የምሰጋው በአንተ አይደለም፤ እዚያ መሠዊያ ላይ ስትቆም ሰዎቹ ሌላ ነገር እያሰቡ እንዳያዩህ ነው። አሁን ብላ፣ ቀዝቅዟል።»

እኔም ደፈር ብዬ የማይጠየቀውን ጠየቅኋት። «እትዬ፣ በልጅነታችሁ አንድም ቀን...?»

ሳቀች፤ አባም ሳቁ። «ይህንን?» አለች በጭልፋው ወደ አባ እየጠቆመች። «ይህ ሰውዬ እኮ እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ዶሮ ሲያይ ከኋላዬ ነበር የሚደበቀው!»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። እትዬ መዝገብ ቆርኪው ከሩቅ አይታይም ብላ ስድስት ወንበሮች በሁለት መስመር አሰለፈችና ከላይ ጠረጴዛ አስቀመጠች። ሙሽሪትን ከታች በግራ በኩል አስቀመጠቻት፣ እናቷን ከፊቷ። ልጁን በቀኝ፣ አባቱን ከፊቱ። የሞቱት የሁለቱ አያቶች ወንበር ላይ ነጠላና ኮፍያ አኖረች። ጠረጴዛው የሁሉም አገናኝ የቅድመ አያቶቹ ነው። ከዚያ እየነካካች ቆጠረች፤ ጮክ ብላ፣ በቀስታ። ስድስት ስትል ከኋላ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች።

አናጢው ተነሡ። «ወንበር መደርደር እኔም እችላለሁ፤ የሠራኋቸውም እኔ ነኝ። ሕጉ በአንድ ወገን ነው የሚቆጠረው። ሦስት!»

«ልክ ነዎት ጋሼ፣» አለች። «በተማሩበት መጽሐፍ በአንድ ወገን ነበር። በዚያ መጽሐፍ ሦስት ናቸው። የመጽሐፉ ገደብስ ስንት ነበር?»

አናጢው አሰቡ። «ሦስት።»

«አራት ያሉንን ከየት አመጡት?»

«ከአዲሱ።»

«ጋሼ፣ ሳንቃ በክንድ ለክተው በሜትር ይቆርጣሉ?»

በአዳራሹ ሳቅ ተነሣ፤ አናጢው ግን አልሳቁም። ወደ ወንበሮቹ ሄደው በግራ በኩል ሦስቱን በጣታቸው ነኩ። ቆም አሉ። በቀኝ በኩል ሦስቱን ነኩ። ጠረጴዛውን ዳበስ አድርገው አለፉት። እያንዳንዱን ደገሙት፤ እንጨት ለክቶ ከመቁረጡ በፊት ደግሞ እንደሚለካ ባለሙያ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው በሰው ፊት ሐሳቡን ሲለውጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

«ስድስት፣» አሉ። ከዚያ ዞረው፣ በተንኮል ሳይሆን አዲስ የተማሩትን መሞከር እንደሚፈልግ ተማሪ፣ «እንግዲያው... አንቺና አባስ? የእሳቸው አያትና ያንቺ አያት...» ብለው ጀመሩና ጣቶቻቸው ላይ ቆጥረው ሲጨርሱ ደነገጡ። አፋቸውን ያዙ።

አባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ቀና አሉ። ሊናገሩ ሲሉ እትዬ መዝገብ ቀደመቻቸው።

«ስድስት ነን። በትክክል ቆጥረዋል ጋሼ። አንድም አልዘለሉም።»

ፊቷን ወደ ሕዝቡ መለሰች።

«ከሰኞ ጀምሮ የምኖረው ከልብስ ሰፊዋ ግቢ፣ ጓዳዋን ተከራይቼ ነው። ጽሕፈት ቤቱ እንደ ወትሮው ጠዋት በሁለት ሰዓት ይከፈታል። የጥምቀት ምስክር ወረቀት የምትፈልጉ የአባታችሁን ሙሉ ስም ይዛችሁ ኑ፤ ባለፈው የቅጽል ስም ያመጣ ሰው ነበር።» ከዚያ ወደ ሙሽሪት እናት ዞረች። «አንቺስ እህቴ? ቆጠራው ላይ ጥያቄ አለሽ?»

እናትየው ወንድሟን አየች። አናጢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥያቄ የለንም፣» አሉ። «የሰርጉን ወንበር እኔ ነኝ የማመጣው።»

ከአዳራሹ ስንወጣ አናጢው እትዬ መዝገብን በር ላይ ጠብቀው፣ «ምነው ምላሴን በቆረጠው» አሏት። «ቆጠራ አስተምሬ አትቁጠሩ ልል ነው እንዴ?» አለቻቸው። «እርስዎ ባይጠይቁ ማታ ቤትዎ ሲደርሱ ባለቤትዎ ትጠይቅዎት ነበር። በአዳራሽ መጠየቁ ይሻላል።»

በዚያ ሳምንት ወሬ አልነበረም ብል እዋሻለሁ። ገበያ ላይ ሁለት ሦስት ሰዎች ጀምረውት ነበር። ግን ወሬ መነሻ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ የሚደበቅ ነገር ሳታስቀር ሁሉንም በብርሃን ተናግራ ስለነበር ወሬኛው የሚጨምረው አጣ። አባ እሑድ መሠዊያ ላይ ሲቆሙ የሰው ዓይን ያው የድሮው ዓይን ነበር። አባ ራሳቸው ግን ከስተዋል፤ ሾርባ ሲሠሩ ድስቱን እያሳረሩ መሆኑን ግቢውን አልፎ የሚመጣው ሽታ ይመሰክራል። እሷ በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ሽታውን ሰምታ ትቆማለች፤ ገብታ እሳቱን ልትቀንስ ያምራታል። አትገባም። «ውሃ ጨምርበት!» ብላ ከውጭ ትጮኻለች፣ ታልፋለች። ያ እንደከበዳት አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ ካለፈች በኋላ መሐረብ ስታወጣ አይቻታለሁ።

ወደዚያች ሰኞ ልመልሳችሁ። ዕቃዋን ያጓጓዝነው ሦስት ሆነን ነበር፤ እኔ፣ ሙሽራው፣ አናጢው። አልጋዋን አናጢው ፈትተው ገጠሙ፤ ሙሽራው አምፖልና ሶኬት አስገባላት፤ እኔ መጽሐፎቿን ተሸከምኩ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ በሩ ላይ ተደግፋ ስታየን ቆየች። ከሌላኛው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝና፣» አለች በመጨረሻ፣ «ከወንድምሽ ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ ሰው ዝም ብሎ ይወጣል? ወንድም አይደል?»

እትዬ መዝገብ ገና ያልተነጠፈው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ደክሟት ነበር። አጠገቧ አልጋውን መታ መታ አድርጋ ለልብስ ሰፊዋ ቦታ ሰጠቻት።

«ነይ ቁጭ በይ፣» አለች። «እናትሽ ስንት ወንድምና እህት ነበሯት?»